የሞባይል ጣቢያ ፓወር አምፕሊፋየር ሲበላሽ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ ሳይት ለሚወጡ ቴክኒሻኖች ነው። ጥያቄዎቹ ባልደረቦቼ በስልክ፣ በቴሌግራም፣ አንዳንዴም ታወር ላይ ሆነው የጠየቁኝ ናቸው። ወደ መልሶቹ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ልበል። ፓወር አምፕሊፋየር በራሱ ጊዜ ብዙም አይሞትም። አብዛኛውን ጊዜ ገዳይ አለው። ገዳዩ ከኃይል መስመሩ ይመጣል፣ ከሙቀት ይመጣል፣ ወይም ከአንቴናው በኩል ይመጣል። እሱን ሳታገኙ አዲስ ከሰቀላችሁ አዲሱም ይከተለዋል።

ፓወር አምፕሊፋየሩ የቱ ነው? የት ነው ያለው?

ሬዲዮው ውስጥ የሚፈጠረው ሲግናል በጣም ደካማ ነው። ጥቂት ሚሊዋት ቢሆን ነው። አምፕሊፋየሩ እሱን ተቀብሎ ወደ 20፣ 40 ወይም 60 ዋት ያሳድገዋል። ከዚያ በፊልተር አልፎ ወደ አንቴና ይሄዳል።

በድሮዎቹ ጣቢያዎች አምፕሊፋየሩ ታች ካቢኔ ውስጥ ነው። ከእሱ የሚነሳ ወፍራም ፊደር ኬብል ታወሩን ይወጣል። በአዲሶቹ ግን ሬዲዮው ራሱ ታወሩ ላይ ተሰቅሏል። አርአርዩ የምንለው እሱ ነው። ታች ካለው ቢቢዩ (ዳታውን ከሚያቀነባብረው ክፍል) ጋር በፋይበር ይገናኛል። አምፕሊፋየሩ አርአርዩው ውስጥ ታሽጓል። ስለዚህ ዛሬ "አምፕሊፋየሩ ተበላሸ" ሲባል የሚቀየረው ሙሉው ሳጥን ነው። ያንን ከባድ ዕቃ በገመድ ጎትቶ ማውጣት ምን ማለት እንደሆነ የሠራው ያውቃል። እንደዚያ ተለፍቶ ችግሩ ሌላ ቦታ ሆኖ ከመገኘት ያድናችሁ።

መበላሸቱን በምን አውቃለሁ?

በጣም ግልጹ ምልክት ሴክተሩ (ጣቢያው በአንድ አቅጣጫ የሚሸፍነው ክፍል) ሙሉ በሙሉ ሲጠፋ ነው። ይህ እንዲያውም ቀላሉ ነው። አስቸጋሪው ግማሽ የሞተ አምፕሊፋየር ነው። ሴሉ እየሠራ ይመስላል። አላርም የለም። ግን የሰፈሩ ሰው "ቤት ውስጥ ኔትወርክ አይገባም" ማለት ይጀምራል። ውጪ ሲወጡ ይሠራል፣ ሲገቡ ይጠፋል።

እዚህ ላይ የዲቢኤም (የሲግናል ኃይል መለኪያ) ሒሳብ በቃል መያዝ ይጠቅማል። 40 ዲቢኤም 10 ዋት ነው። 43 ዲቢኤም 20 ዋት፣ 46 ዲቢኤም ደግሞ 40 ዋት ነው። 3 ዲቢ በቀነሰ ቁጥር ኃይሉ በግማሽ ይወርዳል። ስለዚህ 46 መሆን የነበረበት 43 ካሳየ "ትንሽ ነው የቀነሰው" ብላችሁ አትለፉት። ግማሹ ጠፍቷል። አንዱ ትራንዚስተር ሞቶ ጓደኛው ብቻውን እየሠራ ሊሆን ይችላል።

ኃይሉን ስለካ 5 ዋት ብቻ አነበብኩ። ተበላሽቷል ማለት ነው?

መቼ ለካችሁት? በኤልቲኢ (4ጂ) የሚወጣው ኃይል እንደ ትራፊኩ ነው። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ሰው ሁሉ ተኝቶ ሳለ 40 ዋት አትጠብቁ። ሬዲዮውን ሙሉ ጭነት በሚያስወጣ የሙከራ ሁኔታ አድርጋችሁ ነው መለካት ያለባችሁ። በጂኤስኤም (2ጂ) ደግሞ ቢሲሲኤች፣ ማለትም ጣቢያው ራሱን ለስልኮች የሚያስተዋውቅበት ቻናል፣ ያለበትን ካሪየር (የሬዲዮ ሞገድ) ለኩ። እሱ ስምንቱንም ታይም ስሎት (የጊዜ ክፍልፋይ) ሳያቋርጥ ያስተላልፋል። ሌሎቹ ጥሪ ሲኖር ብቻ ስለሚተነፍሱ ሜትሩ ያሳስታችኋል።

ስፔክትረም አናላይዘር (ሲግናልን በፍሪኩዌንሲ ለይቶ የሚያሳይ መሣሪያ) የምትጠቀሙ ከሆነ እባካችሁ በቀጥታ አትሰኩት። የብዙዎቹ መግቢያ 30 ዲቢኤም፣ ማለትም 1 ዋት አካባቢ ላይ ያበቃለታል። 46 ዲቢኤም ከገባበት ውድ ዕቃ በአንድ ሰከንድ ይሄዳል። 40 ዲቢ የሚቀንስ አተንዌተር መሃል ይግባ። አተንዌተሩም የሚመጣበትን ዋት የሚችል ይሁን።

ሳይት ስደርስ መጀመሪያ ምን ልንካ?

ምንም። መጀመሪያ አንብቡ።

ሪሴት አድርጎ መሄድ የብዙዎቻችን ልማድ ነው። ግን ሪሴት ማስረጃ ያጠፋል። የአላርሞቹን ሰዓት ቅደም ተከተል ጻፉ። ሁሉም ነገር ያለው እዚያ ላይ ነው። ቮልቴጅ ዝቅ ብሏል የሚለው 12፡04 ላይ መጥቶ፣ አምፕሊፋየሩ 12፡06 ላይ ከጠፋ፣ ጥፋተኛው ኃይሉ ነው። የሙቀት አላርም ቀድሞ ከመጣ ሌላ ታሪክ ነው። የተመላሽ ኃይል አላርም ከመጣ ደግሞ ዓይናችሁ ወደ አንቴናው ይሂድ።

ከዚያ እዩ፣ አሽቱ፣ ስሙ። ፋኑ ይዞራል? የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ አለ? ብሬከሩ ወርዷል? ካቢኔው በር ላይ ያለው የአየር ማጣሪያ መቼ ነው የጸዳው? ይህ ሁሉ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

የቪኤስደብልዩአር አላርም መጣ። አምፕሊፋየሩ ነው ወይስ አንቴናው?

ከሁሉ በላይ የምጠየቀው ይህን ነው። በደንብ ልመልሰው።

አምፕሊፋየሩ ኃይል ወደ አንቴና ይልካል። መንገዱ ጤነኛ ከሆነ ሁሉም ማለት ይቻላል ይሄዳል። መንገዱ ላይ የላላ ኮኔክተር፣ ውሃ፣ የታጠፈ ኬብል ካለ ከፊሉ ተመልሶ ይመጣል። ቪኤስደብልዩአር የሚባለው ቁጥር ምን ያህል እንደተመለሰ ይነግረናል። 1 ፍጹም ነው። 1.5 ላይ 4 በመቶ ይመለሳል። 2 ላይ 11 በመቶ። 3 ላይ 25 በመቶ። ይህ ማለት 40 ዋት ስትልኩ 10 ዋት ወደ ራሳችሁ ይመጣል። አምፕሊፋየሩን ከዚህ የሚጠብቀው ሰርኩሌተር የሚባል ዕቃ ነው። ተመላሹን ወደ ጎን አዙሮ አንድ ሎድ (ኃይልን ወደ ሙቀት የሚለውጥ ዕቃ) ላይ ያቃጥለዋል። ሰርኩሌተሩ ጥሩ ነው፣ ግን ለዘላለም አይችልም።

አሁን የመለየቱ ሥራ። የምወደው ዘዴ ማቀያየር ነው። የሁለቱን ሴክተሮች ሬዲዮዎች ማስተላለፍ አስቁሙ። ከዚያ የሁለቱን ጃምፐሮች (ከሬዲዮው መውጫ የሚነሱትን አጭር ኬብሎች) አቀያይሩ። የሴክተር ሀ ሬዲዮ ወደ ለ አንቴና፣ የለ ደግሞ ወደ ሀ አንቴና ይሂድ። መልሳችሁ አስነሱ። አላርሙ ያው የበፊቱ ሬዲዮ ላይ ከቀረ፣ ሬዲዮው ነው የታመመው። አላርሙ ወደ ሌላው ሬዲዮ ከዞረ፣ በሽታው ያለው ሀ አንቴና ወይም ኬብሉ ላይ ነው። አዲስ ዕቃ ሳይወጣ፣ ሒሳብ ሳይሠራ፣ መልሱ ተገኘ። ስትጨርሱ ግን ወደ ቦታው መልሱ! ተቀያይሮ ተረስቶ የቀረ ሴክተር አይቻለሁ። ስልኮች ወደ ተሳሳተ ጎረቤት ሴል ሲላኩ፣ ጥሪ ሲቆራረጥ፣ ምክንያቱን ለማግኘት ብዙ ቀን ፈጅቷል።

ሁለተኛው ሴክተር ከሌለ 50 ኦም ሎድ ሬዲዮው መውጫ ላይ ስኩ። የሎዱ አቅም ከሬዲዮው ዋት መብለጡን አረጋግጡ። በሎዱ ላይ አላርሙ ከጠፋ ሬዲዮው ነፃ ነው።

ታች ካቢኔ ውስጥ አምፕሊፋየር ያላቸው የድሮ ሳይቶች ላይ ግን አንድ ወጥመድ አለ። ረጅም ኬብል በሽታን ይደብቃል። ኬብሉ 3 ዲቢ ይበላል እንበል። ከታች 40 ዋት ስትልኩ ላይ የሚደርሰው 20 ነው። አንቴናው ጨርሶ ባይኖር፣ ያ 20 ዋት በሙሉ ይመለሳል። ሲወርድ እንደገና በግማሽ ይቀንስና 10 ዋት ታች ይደርሳል። ሜትራችሁ 3 ብሎ ያነባል። አንቴና የሌለው መስመር 3 ብቻ አሳየ! እንደዚሁ ታች 1.8 አንብባችሁ "ትንሽ ነው" ብላችሁ ከሄዳችሁ፣ ላይ አንቴናው ጋ ያለው ከ3.5 በላይ ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ የኬብሉን ርዝመትና ብክነት አስቡ።

የብልሽት ርቀት መለኪያው "30 ሜትር" አለኝ። እዚያ ግን ምንም የለም።

መለኪያው ላይ የኬብሉን የፍጥነት ቁጥር አይታችኋል? ሲግናል በኬብል ውስጥ ከብርሃን ፍጥነት ባነሰ ይሄዳል። በወፍራሙ የፎም ፊደር 0.88 አካባቢ ነው። ከእናንተ በፊት የተጠቀመው ሰው 0.66 ላይ ትቶት ከሄደ፣ እውነተኛው 40 ሜትር 30 ሆኖ ይታያል። ሪገሩን (ታወር የሚወጣውን ሠራተኛ) በከንቱ ታወር መሃል ላይ ታንጠለጥሉታላችሁ።

በክረምት ብቻ የሚመጣ ብልሽት ነው። ሲደርቅ ይጠፋል። ምንድን ነው?

ውሃ ነው። እርግጠኛ ሆኜ ባልምል እንኳ መጀመሪያ የምጠረጥረው እሱን ነው።

አንድ ደጋ ላይ ያለ ሳይት አስታውሳለሁ። ከሰኔ ጀምሮ አንዱ ሴክተር ከሰዓት በኋላ ይጠፋል፣ በማግስቱ ጠዋት ፀሐይ ሲመታው ይነሳል። በሁለት ወር ውስጥ ሁለት አርአርዩ ተቀይሮለት ነበር። ሦስተኛው ሊወጣ ሲል ደረስን። ሪገሩ ላይ ሆኖ የጃምፐሩን ቴፕ በቢላ ሰነጠቀ። ኮኔክተሩን ሲፈታው አንድ የቡና ስኒ የሚሞላ ውሃ እጁ ላይ ፈሰሰ። መሃለኛው ፒን አረንጓዴ ዝገት ለብሷል። ቴፑ ግን አዲስ ይመስላል፤ ውፍረቱም በቂ ነበር።

ችግሩ አቅጣጫው ነበር። የመጨረሻው ድርብ ከላይ ወደ ታች ነው የተጠቀለለው። የሣር ቤት ክዳን አስቡ። ክዳን ከታች ተጀምሮ ወደ ላይ ነው የሚሄደው። የላይኛው የታችኛውን ይደርባል፣ ውሃው እየተንሸራተተ ይወርዳል። በተቃራኒው ብትከድኑት እያንዳንዱ ድርብ ውሃ የሚቀበል ኪስ ይሆናል። ቴፕም እንደዚያው ነው። የመጨረሻውን ዙር ሁልጊዜ ከታች ወደ ላይ ጠቅልሉ። ደግሞም ኬብሉ ወደ ሬዲዮው ከመግባቱ በፊት ትንሽ ወደ ታች ጎንበስ ይበል። ውሃው እዚያ ጋ ተንጠባጥቦ ይቀራል።

ውሃ የገባበትን ኮኔክተር አድርቆ መመለስ አይሆንም። ቆርጣችሁ ጣሉት። ጃምፐር ከአርአርዩ ይረክሳል።

ኮኔክተሩን ምን ያህል ላጥብቀው?

ትልቁ፣ በተለምዶ ዲን የምንለው 7/16 ኮኔክተር ከ25 እስከ 30 ኒውተን ሜትር ነው። አነስ ያለው 4.3-10 ደግሞ 5 ኒውተን ሜትር አካባቢ ይበቃዋል። ሁለቱን አንድ ላይ በአንድ ጉልበት አታጥብቁ። ትንሹን በትልቁ ልክ ካጠበቃችሁት ታበላሹታላችሁ። ቶርክ ሬንች ያዙ። "በእጄ አውቀዋለሁ" የሚል ሰው እጁ ጠዋትና ማታ አንድ አይደለም።

ሴክተሩ መብራት ሲጠፋ ብቻ ነው የሚወርደው። ባትሪው ግን ሙሉ ነው።

ይህ በእኛ አገር በደንብ የሚያጋጥም ነው። መልሱም ብዙ ጊዜ ኬብሉ ላይ ነው።

መብራት ሳለ ሬክቲፋየሩ (የመብራቱን ኤሲ ወደ ዲሲ የሚለውጠው ዕቃ) 54 ቮልት አካባቢ ይሰጣል። መብራት ሲሄድ ባትሪው እየወረደ ወደ 48፣ ከዚያ 46፣ 45 ይመጣል። ሬዲዮዎች በአብዛኛው ከ40 እስከ 57 ቮልት ይቀበላሉ። ስለዚህ 45 ላይ ደህና መሆን ነበረበት። ግን 45 የሚባለው ታች ነው። ላይስ?

ሒሳቡ ቀላል ነው። ሬዲዮው 50 ሜትር ላይ ነው እንበል። መሄጃና መመለሻው 100 ሜትር ሽቦ ይሆናል። ሬዲዮው 15 አምፒር ይስባል። ሽቦው 16 ካሬ ሚሊሜትር መዳብ ከሆነ 1.6 ቮልት ነው የሚጠፋው። ምንም አይደለም። ሽቦው 6 ካሬ ሚሊሜትር ከሆነ ግን 4.3 ቮልት ይጠፋል። ከ45 ላይ 4.3 ሲቀነስ ወደ 40.7 መጣን። አፋፍ ላይ ቆመናል ማለት ነው። ነገሩን የሚያከፋው፣ ቮልቴጁ ሲወርድ ሬዲዮው ያንኑ ዋት ለማግኘት ተጨማሪ አምፒር መሳቡ ነው። አምፒሩ ሲጨምር ብክነቱም ይጨምራል። ትራፊክ ሲበዛ ድፍት ይላል።

እንግዲህ ቮልቴጅ ስትለኩ ሁለት ነገር ያዙ። የሚለካው ሬዲዮው ጋ ነው፣ ሬክቲፋየሩ ጋ አይደለም። የሚለካውም ሬዲዮው እያስተላለፈ ሳለ ነው። ጭነት የሌለበት ሽቦ ሁልጊዜ ጤነኛ መስሎ ይታያል። የላላ የብሬከር ብሎንም ያው ነው። በባዶው 54 ያሳያል፣ ጭነት ሲመጣ ይወድቃል። እጃችሁን ጠጋ አድርጉ፤ የሚሞቅ ብሬከር ካለ እሱ ነው።

ለምንድን ነው 48 ቮልቱ ኔጋቲቭ የሆነው?

ከድሮ የስልክ ዘመን የመጣ ነው። ፖዘቲቩ ከመሬት ጋር ሲታሰር፣ ተቀብረው ያሉ የመዳብ ኬብሎች ላይ የሚደርሰው ዝገት ይቀንሳል። ለእናንተ የሚያስፈልገው ግን ይህ ነው፤ ከመኪና የለመዳችሁት እዚህ አይሠራም። መሬት የታሰረው ፖዘቲቩ ነው። ሽቦ ስትነቅሉ ይህን ከረሳችሁ ብልጭታው ያስታውሳችኋል።

ከቀትር በኋላ ኃይሉ ይቀንሳል። ማታ ይስተካከላል።

ሙቀት ነው። ሬዲዮው ራሱን ለማዳን ኃይሉን እየቀነሰ ነው። ይህ ብልሽት አይደለም፣ ጩኸት ነው።

አምፕሊፋየር ከሚበላው ኃይል ትልቁን ድርሻ ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። 40 ከመቶ ብቃት ያለው አምፕሊፋየር 40 ዋት እንዲያወጣ 100 ዋት ይበላል። 60ው ዋት ሙቀት ነው። ባለ አራት መውጫ ከሆነ በአራት አባዙት። ያንን ሁሉ ሙቀት የሚያወጣው ጀርባው ላይ ያለው የአሉሚኒየም ክንፍ ነው። ክንፉ መሃል አቧራ ተጋግሮ፣ ወፍ ጎጆ ሠርታ፣ ወይም ሬዲዮው በግድም ተሰቅሎ ከሆነ አየር አያልፍም። ክንፎቹ ቀጥ ብለው መቆም አለባቸው። ሞቃት አየር ወደ ላይ ነው የሚሄደው።

አፋር ላይ ወይም ሁመራ ላይ ያለ ሳይት ሙቀቱ ግልጽ ነው። አዲስ አበባና ከእሷ ከፍ ያሉት ግን ሌላ ነገር አላቸው። ከ2,300 ሜትር በላይ አየሩ ስስ ነው። ስስ አየር ሙቀት ተሸክሞ የመሄድ አቅሙ ያንሳል። ፋኑ በትክክል እየዞረም የሚያቀዘቅዘው ባሕር ጠረፍ ላይ ካለው ያነሰ ነው። "እዚህ ብርድ ነው፣ ማጣሪያው ቢቆይ ምን አለ" አትበሉ።

ፋን ስትቀይሩ የሚነፍስበትን አቅጣጫ እዩ። ቀስቱ ላዩ ላይ አለ። ተገልብጦ የተገጠመ ፋን ይዞራል፣ ድምፅም ያሰማል፣ አላርምም አያመጣም። የሚሠራው ግን በተቃራኒው ነው።

ኃይሉ ደህና ነው፣ ተመላሹም ደህና ነው። ሰው ግን ያማርራል።

ሁለት ነገር ልጠርጥር።

አንደኛው አምፕሊፋየሩ ሲግናሉን እያዛባ ነው። የዛሬዎቹ አምፕሊፋየሮች በአብዛኛው የዶኸርቲ አሠራር ናቸው። ዊሊያም ዶኸርቲ እ.ኤ.አ. በ1936 በቤል ላብስ ያወጣው ሐሳብ ነው። አንዱ ትራንዚስተር ሁልጊዜ ይሠራል። ሌላው ሲግናሉ ከፍ ሲል ብቻ ገብቶ ያግዘዋል። አሁን አጋዡ ቢሞት ምን ይሆናል? ሌሊት ምንም አይታወቅም። ማታ 2 ሰዓት ላይ ሁሉም ሰው ቪዲዮ ሲከፍት ግን ብቻውን የቀረው ትራንዚስተር ጣሪያ ይነካል። ሲግናሉ አናቱ ይቆረጣል። ፍጥነት ይወርዳል፣ ወደ ጎረቤት ቻናልም ይፈሳል። ለኤልቲኢ የተቀመጠው ደረጃ ወደ ጎረቤት ቻናል የሚፈሰው ቢያንስ 45 ዲቢ ዝቅ እንዲል ነው። ሙሉ ጭነት አድርጋችሁ ይህን ለኩ። ከ45 ካነሰ፣ ወይም ሬዲዮው ማዛባቱን ማረም አልቻልኩም የሚል አላርም ካወጣ፣ አሁን በእርግጥ አምፕሊፋየሩን መክሰስ ትችላላችሁ።

ሁለተኛው ፒም ነው። ሁለት ኃይለኛ ሲግናሎች የዛገ ወይም የላላ ብረት ላይ ሲገናኙ ሦስተኛ ሲግናል ይወልዳሉ። በ900 ባንድ ጣቢያው የሚያስተላልፈው ከ935 እስከ 960 ሜጋኸርዝ ነው። የሚቀበለው ከ890 እስከ 915። ሁለት ካሪየሮች 936 እና 958 ላይ አሉ እንበል። 936ን በሁለት አባዝታችሁ 958 ቀንሱ። 914 መጣ! በትክክል ስልኮቹን የምንሰማበት ቦታ ላይ ወደቀ። ሰዎቹ ጣቢያውን ይሰማሉ፣ ጣቢያው ግን እነሱን አይሰማም። ይህን ቪኤስደብልዩአር ጨርሶ አያሳይም። የመቀበያውን የጩኸት መጠን በማየት ነው የሚያዘው። አንድ ሰው ታወሩ ላይ ወጥቶ ኮኔክተሮቹን በፕላስቲክ መዶሻ እጀታ ቀስ እያለ ይንካ፣ ታች ያለው ቁጥሩን ይመልከት። ቁጥሩ የዘለለበት ቦታ ላይ ነው ችግሩ። ይህን የሚያደርገው ሰው የት እንደሚቆም ታች በደኅንነቱ ጥያቄ ላይ አንብቡ።

ሪሴት ሳደርገው ይነሳል። ከዚያ ይመለሳል።

በስንት ደቂቃ? ቁጥሩን ያዙት። በሰከንዶች ውስጥ ከወደቀ የተመላሽ ኃይል ወይም የኮረንቲ መብዛት ነው። ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ቆይቶ ከሆነ ሙቀት ነው። ንፋስ ሲነፍስ ከሆነ የላላ ነገር አለ፤ ኬብሎቹን የሚይዙትን ማሰሪያዎች እዩ።

አዲስ ቀየርን። በሳምንቱ እሱም ተቃጠለ። የፋብሪካ ችግር ነው?

ሊሆን ይችላል፣ ግን በጣም አልፎ አልፎ ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። ሥሩን ፈልጉ።

አዲሱን ከመስቀላችሁ በፊት መስመሩን ለብቻው ለኩት። ቮልቴጁን ላይ ለኩት። ከዚያ ወደ መሬት ማሰሪያው ሂዱ። ይህን ሰው ይረሳል። የመሬት ሽቦው በመዳብነቱ ምክንያት ይሰረቃል። ላዩ ላይ ቴፕ አለ፣ ጫፉ ግን የትም አይደርስም። መብረቅ በአቅራቢያ ሲወድቅ ያ ኃይል መውጫ ሲያጣ በሬዲዮው በኩል ያልፋል። የመብረቅ መከላከያዎቹም የሚያሳዩት የቀለም ምልክት አላቸው። ቀይ ከሆነ አገልግሎቱን ጨርሷል። አንዴ ያዳናችሁ መከላከያ ሁለተኛ ላያድናችሁ ይችላል።

አምፕሊፋየሩን ከፍቼ ትራንዚስተሩን ብቀይርስ?

ሳይት ላይ? በፍጹም። ወርክሾፕ ውስጥ፣ መሣሪያው ካለ፣ ይቻላል። ግን አስቸጋሪ ሥራ ነው።

ትራንዚስተሩ ከሥሩ ካለው መዳብ ጋር በሙቀት የተጣበቀ ነው። መሃል ላይ ትንሽ የአየር ኪስ ከቀረ ሙቀቱ አይወጣም፣ በሰዓታት ውስጥ ይሞታል። የጌት (የትራንዚስተሩ መቆጣጠሪያ እግር) ቮልቴጁ እንደገና መስተካከል አለበት። የድሮውን ማስተካከያ በአዲሱ ላይ መጠቀም አይሆንም። ኤልዲሞስ የሚባለው የትራንዚስተር ዓይነት ከሆነ ብዙ ጊዜ 28 ቮልት ነው የሚሠራበት። ጋን የሚባለው አዲሱ ዓይነት ደግሞ 48 ወይም 50 ቮልት ላይ ይሠራል፣ ባሕርይውም የተለየ ነው። ጌቱ ላይ ኔጋቲቭ ቮልቴጅ ሳይገባ ድሬኑን (ዋናው ኃይል የሚገባበትን እግር) ቮልቴጅ ከሰጣችሁት ሙሉ በሙሉ ይከፈትና ያበቃለታል። ቅደም ተከተሉ መጀመሪያ ጌት፣ ቀጥሎ ድሬን ነው። ስታጠፉ በተቃራኒው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። አሮጌ የሬዲዮ ትራንዚስተሮች ውስጥ ያለው ነጭ ሴራሚክ ቤሪሊየም ኦክሳይድ ሊሆን ይችላል። ሳይነካ ምንም አያደርግም። ከተሰበረ ወይም ከተሞረደ ግን አቧራው ሳንባን ይጎዳል፣ ጉዳቱም አይመለስም። አትስበሩት፣ አትሞርዱት፣ ልጆች የሚጫወቱበት ቦታ አትጣሉት።

ስሠራ ራሴን እንዴት ልጠብቅ?

እያስተላለፈ ያለ ሬዲዮ ላይ ኮኔክተር አትፍቱ። 40 ዋት ያቃጥላል። የሚያቃጥለውም እንደ እሳት ከላይ ብቻ አይደለም፣ ወደ ውስጥ ይገባል። ቁስሉ ትንሽ መስሎ ይታያል፣ ለመዳን ግን ጊዜ ይወስዳል። ዓይን ደግሞ ከቆዳ ይብሳል።

ከመቆጣጠሪያ ማዕከሉ ማስተላለፍ እንዲያቆም አስደርጉ። ከዚያ ብሬከሩን ራሳችሁ አውርዱ። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ ማዕከል ያለው ሰው ተረኛ ሲቀያየር ሌላው መልሶ ሊያስነሳው ይችላል። ብሬከሩ ላይ "ሰው ላይ አለ" የሚል ወረቀት ለጥፉ። አንቴና ፊት ለፊት አትቁሙ፣ የሌላ ኦፕሬተር አንቴና ያለበት ታወር ላይ በተለይ። የእናንተን ብታጠፉም የእነሱ በርቷል። ፒም ስትፈልጉም እንደዚሁ። ሬዲዮው እያስተላለፈ ስለሆነ ከአንቴናው ጀርባ ብቻ ሥሩ፣ የጨረር ማስጠንቀቂያ መሣሪያ ደረታችሁ ላይ ይሁን፣ የምትነኩትን ኮኔክተር አትፍቱ።

ሰማዩ ካጉረመረመ ውረዱ። የቀረ አንድ ብሎን ቢኖርም ውረዱ።

የተበላሸውን ሬዲዮ ወደ ጥገና ስልከው ምን ልጻፍበት?

"አይሠራም" ብላችሁ አትላኩ። ጠጋኙ በቀዝቃዛ ክፍል፣ በጥሩ ቮልቴጅ፣ ሎድ ላይ አድርጎ ይፈትሸዋል። ይሠራል። "ብልሽት አልተገኘም" ብሎ ይመልሰዋል። ያው ሳጥን እንደ መለዋወጫ ሌላ ሳይት ይሄዳል፣ እዚያም ያስቸግራል።

እኔ የምጽፈው እንዲህ ነው፦ "መውጫ 2። ሙሉ ጭነት ላይ 43 ዲቢኤም፣ መሆን የነበረበት 46። ከ20 ደቂቃ በኋላ ይወድቃል። ሬዲዮው ጋ የተለካ 52.1 ቮልት። ከሴክተር ለ ጋር ተቀያይሮ ተፈትሿል፣ ብልሽቱ ከሬዲዮው ጋር ሄዷል። የመስመሩ ቪኤስደብልዩአር 1.2።" ስድስት ዐረፍተ ነገር ናቸው። በማይለቅ ቀለም ጻፉትና በላስቲክ ሸፍናችሁ እጀታው ላይ እሰሩት። ካርቶኑ ላይ አትጻፉ፤ ካርቶኑ መንገድ ላይ ይጣላል።